የቀበናው ምድር ቤት

አካሉ ሞቶ የተገኘው በ1879 ዓ.ም.፣ ጥቅምት አጋማሽ ላይ፣ ረቡዕ ጠዋት ነው። የአንድ ባላምባራስ እህል ጠባቂ ነበር። ቤቱ ከእንጦጦ ግርጌ፣ የቀበና ወንዝ ቁልቁል ከሚታይበት አፋፍ ላይ ነው። ክረምቱን ጌታው ምንጃር ልከውት ከርሞ ማክሰኞ ማታ ተመለሰ። ረቡዕ እንደነጋ ከአንገቱ የማትለየውን ቁልፍ ይዞ፣ ችቦ ለኩሶ፣ ከቤቱ ስር ወደ ተቆፈረው ምድር ቤት ወረደ። ክረምቱን ሙሉ ተቆልፎበት የከረመውን የጌታውን ገብስ ሊያይ ነው።

ሚስቱ ለተጊዮርጊስ ቁርስ አቅርባ ብትጠራው መልስ አጣች። ወደ ጓሮ ዞራ የምድር ቤቱን በር ስትገፋ ባሏ ከደረጃው ግርጌ በአፍጢሙ ተደፍቷል። ጩኸቷን ሰምቶ ቀድሞ የደረሰው ጎረቤታቸው ፈዬራ ነው፤ ሬሳውንም እሱ ጎትቶ አወጣው። ደም የለም። ግንባሩ ላይ ብቻ የእንቁላል ያህል እብጠት ነበር።

ከቀትር በፊት ገዳዩ ተያዘ ተባለ።

የተያዘው በዳዳ ነው፤ ምድር ቤቱን ከሦስት ዓመት በፊት ቆፍሮ በድንጋይ የገነባው የየካ ሰው። እሱና አካሉ ከግንቦት ጀምሮ ተኳርፈዋል። በዳዳ ከቤቱ በላይ የጎርፍ መቀልበሻ ቦይ ካልተቆፈረ ብሎ ሲለምን፣ አካሉ ጎረቤት አላስቀይምም ሲል፣ በመጨረሻ በሰው ፊት «ይህ ቤት አንድ ቀን ሰው ይበላል! ያኔ በዳዳ ብሎ ነበር በል!» ብሎት ሄደ። አካሉ በሞተበት ጠዋት ደግሞ በዳዳ እጁ እስከ ክርኑ ጭቃ ሆኖ ከዚያው ጓሮ ሲወጣ ፈዬራ አይቶታል። ከሳሹም እሱው ፈዬራ ሆነ።

ነገሩን እንዲያጣሩ የአገሩ ዳኛ የላኩት ባሻ ወልደ ሐዋርያትን ነው። ባሻ ዕድሜያቸው ሃምሳ አምስት አልፏል፤ ዳገት ሲወጡ ጉልበታቸውን ይዘው ነው። ሚስታቸው ከሞተች አራት ዓመቷ ነው። ከዚያ ወዲህ ለቅሶ ቤት መግባት ይከብዳቸዋል፤ ሥራቸው ግን የሚያስገባቸው ለቅሶ ቤት ነው።

«ለሟቹ ወንድሞች ቡልጋ መልእክተኛ ሄዷል» አሏቸው ዳኛው። «በሰባተኛው ቀን ይደርሳሉ። ደማችንን ካሉ የምሰጣቸው በዳዳን ነው። ሌላ ሰው ካለ እስከዚያ አምጣልኝ።»

ሐሙስ ጠዋት ባሻ ሲደርሱ ከሳሽና ተከሳሽ በአንድ ሰንሰለት ተቆራኝተው ከአካሉ ግቢ የወይራ ዛፍ ስር ተቀምጠዋል። ነገሩ እስኪለይ ሁለቱም አብረው ይበላሉ፣ አብረው ይተኛሉ፤ ሥርዓቱ እንዲህ ነው።

«በዳዳ ማንኛችሁ ነው?»

«እኔ ነኝ» አለ ቀጭኑ።

«እኔ ደግሞ ፈዬራ ነኝ፣ ጌታዬ። ያየሁትን በተናገርኩ ታሰርኩ።»

«ሕጉ ነው።»

«ሕጉስ ይሁን። ሰውየው ሌሊቱን ሙሉ ሲያንኮራፋ እንዴት ልተኛ?»

ባሻ ከፊታቸው ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። «በዳዳ፣ ትናንት ጠዋት እዚህ ምን አመጣህ?»

«አካሉ ገብቷል ሲሉ ሰማሁ። ስለ ቦዩ ደግሜ ልለምነው መጣሁ። ተጣራሁ፤ መልስ የለም። ኩርፊያው አልለቀቀውም ብዬ የግድግዳውን ግርጌ በእጄ ጫር ጫር አደረግሁት። ውኃ ቋጥሯል፤ ጭቃ ሆኗል። ተናድጄ ሄድኩ።»

«ምድር ቤት አልገባህም?»

«በሩ ገጠም ብሎ ነበር። አልነካሁትም።»

«ምስክር አለህ?»

«የለኝም።» በዳዳ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ባሻ፣ እኔ በራፉ ቆሜ ስጣራ… እሱ ውስጥ ነበር?» አለ።

ባሻ ብዙ ነፍሰ ገዳይ አይተዋል፤ እንዲህ ብሎ የጠየቃቸው ግን አልነበረም። ሆኖም አንጀት የሚበላ ጥያቄ ማስረጃ አይሆንም።

ጧፍ አብርተው ወደ ምድር ቤቱ ወረዱ። ደረጃው ዘጠኝ ነው። ገና አራተኛው ላይ ሳሉ የብቅል ሽታ አፍንጫቸውን መታው። ግድግዳው አልቦታል፤ በመዳፋቸው ሲነኩት ውኃው በጣታቸው መሀል ወረደ። ገብሱ ከመሬት ከፍ ባለ የእንጨት ርብራብ ላይ ተከምሯል። እጃቸውን እስከ ክርን ሲሰዱበት እንደ በሬ ሆድ ይሞቃል። ዘግነው ወደ ብርሃኑ ቢያቀርቡት ቅንጣቱ ሁሉ ነጭ ሥር አውጥቷል።

የመጨረሻው ደረጃ ጠርዝ ላይ ጥቂት ፀጉር ተለጥፎ አገኙ። እብጠቱ ከዚህ ነው፤ ሰው አልመታውም፣ ወድቆ ነው። ግን የአርባ ዓመት ጎልማሳ፣ ደረጃውን በጨለማ የሚያውቅ ሰው፣ ምን ጣለው? ችቦውን ከርብራቡ ስር ሳቡት። አንድ ክንድ የሚያህል ችቦ ነው፤ የከሰለው ግን ጫፉ ብቻ። እንደገባ ጠፍቷል ማለት ነው።

የራሳቸው ጧፍ ግን አልጠፋም። ነበልባሉ ወደ አንዱ ማዕዘን ዘንበል ብሏል። እዚያ ድንጋዩ መሀል ጭንቅላት የሚያህል ቀዳዳ ወደ ላይ ይወጣል። እጃቸውን ቢያቀርቡ ንፋሱ ሽው ብሎ ወደ ላይ ሲሄድ ተሰማቸው።

ወጥተው ከወይራው ስር ተመለሱ።

«ቤቱን እንዴት አድርገህ ሠራኸው?»

በዳዳ ስለ ሥራው ሲጠየቅ ሰንሰለቱን የረሳ መሰለ። «ወለሉን ግማሽ ክንድ ከሰል አለበስኩት፣ እርጥበት ይጠጣል። በላዩ ጠጠር። እህሉ መሬት እንዳይነካ ርብራብ። ከበሩ ስር ንፋስ ይገባል፤ ጤዛውን ይዞ በማዕዘኑ መተንፈሻ ወደ ላይ ይወጣል። ድንጋይ ብቻውን ውኃ አያቆምም፣ ባሻ። ቤት መተንፈስ አለበት። ሁለት ክረምት አንዲት ቅንጣት አልበቀለችም።»

«ዘንድሮ ግን ብቅል ሆኗል።»

«አይሆንም!» ብሎ ብድግ ሲል ፈዬራም በግዱ ተጎትቶ ተነሣ። «መተንፈሻው ቢደፈን ነው እንጂ!»

«አልተደፈነም። አሁን በጧፍ አየሁት፤ ደህና ይተነፍሳል።»

በዳዳ ቁጭ አለ። መተንፈሻው ደህና ከሆነ ቤቱ አልገደለም። ቤቱ ካልገደለ ጣቱ ሁሉ ወደ እሱ ነው።

ባሻ ወደ ፈዬራ ዞሩ። «ቦዩ ቢቆፈር በየት ነበር የሚያልፈው?»

«በኔ ጌሾ መሀል።»

«አካሉ አላስቀይምም ያለው ጎረቤት አንተ ነህ። ሬሳውንም መጀመሪያ የደረስክበት አንተ፣ ከሳሹም አንተ።»

«ኧረ ባሻ! ለጌሾ ብዬ ሰው ልገድል? ረቡዕ ጠዋት በቅሎዬን ወንዝ ወስጄ ነበር። በዳዳ ከጓሮው ሲወጣ ያየሁትም፣ ጩኸቱን የሰማሁትም ዳገቱን ስመለስ ነው።»

«ማን አየህ?»

ፈዬራ አንገቱን ደፋ። «ያየችኝስ ነበረች። ግን እሷ አትመሰክርልኝም።»

ዓርብ ለምሳ ጂቱ መጣች። የበዳዳ ሚስት ናት፤ ሆዷ ገፍቷል፣ መውለጃዋ ደርሷል። ከየካ እስከ ቀበና አገልግል አዝላ መጥታ ከሁለቱ እስረኞች ፊት አስቀመጠችው። ባሏን አጎረሰችው። ከዚያ ትንሽ ቆየት ብላ ፈዬራንም አጎረሰችው።

ባሻ ጠብቀው ለብቻዋ ጠሯት። «ረቡዕ ጠዋት የት ነበርሽ?»

«ወንዝ፣ ውኃ ልቀዳ።»

«ማንን አየሽ?»

ጂቱ ዘወር ብላ ወደ ወይራው አየች። ይህ ሰው ነው ባሏን በብረት ያስያዘው። አላየሁም ብትል የሚከራከራት የለም፤ ጥርጣሬውም ከባሏ ላይ ሊነሣ ይችላል።

«ፈዬራን» አለች። «ከንጋት ጀምሮ በቅሎውን ሲያጥብ ነበር። ጩኸቱ የተሰማው እንስራዬን አሸክሞኝ ዳገቱን ሲወጣ ነው።»

«እውነቱን ነው ማለት ነው።»

«ባሌም እውነቱን ነው፣ ባሻ» አለች።

ፈዬራ ይህን ሲሰማ የያዘውን ጉርሻ ወደ አገልግሉ መለሰው። ራሱም ባሻን ጠራቸው። «አንድ ነገር ደብቄአለሁ። መጀመሪያ ስገባ… ሬሳው ጋ ሳልደርስ ራሴን አዞረኝ። ጉልበቴ ከዳኝ። ደረጃውን በእጄ እየዳህኩ ወጣሁ። ጋኔን ነው ብዬ፣ ኋላ ትንፋሼን ይዤ ሮጬ ገብቼ ነው የጎተትኩት።»

«እና እስከ ዛሬ ዝም አልክ?» አለ በዳዳ።

«ሰው ፈሪ ይለኛል ብዬ ነዋ!»

«ፈዬራ፣ ይህ ጋኔን አይደለም! የታፈነ የእህል ጉድጓድ ነው እንዲህ የሚያደርገው። እህል ታፍኖ ሲበቅል የቤቱን ትንፋሽ ይጨርሰዋል። ችቦ ያጠፋል፣ ሰው ይጥላል። አባቶቻችን ጉድጓድ ከከፈቱ በኋላ ውለው አድረው የሚገቡት ለዚህ አይደል?»

ባሻ ጢማቸውን እየነካኩ አሰቡ። ረቡዕ ጠዋት ቤቱ ታፍኖ ነበር። ሐሙስ ሲገቡበት ግን ይተነፍሳል። በመካከሉ አንድ ሰው መተንፈሻውን ከፍቷል። የከፈተው ሰው ደግሞ ምን እንደሠራ ያውቃል።

«መተንፈሻው ላይ የሚወጣው የት ነው?»

«ወደ ትንሿ ጓዳ፣ ወለሉ ጥግ ላይ» አለ በዳዳ። «ከዚያ በጣሪያው ስር ባለው መስኮት ይወጣል። ያኔ ጓዳዋ ባዶ ነበረች።»

«አሁንማ ሰው አለባት» አለ ፈዬራ። «የአካሉ እናት፣ እመት አባይነሽ። በግንቦት ከቡልጋ በቃሬዛ ነው የመጡት፤ ሳል ደረታቸውን ሰንጥቆት። እስከ ነሐሴ ከመኝታ አልተነሡም። ያ ሁሉ ክረምት እንደ ሕፃን እያጎረሰች ያተረፈቻቸው ለተጊዮርጊስ ናት።»

ባሻ ወደ ቤቱ ሲሄዱ በአጥሩ ላይ አንድ ያረጀ ጋቢ ተሰጥቶ አዩ። በእንዶድ ታጥቧል፤ መሀሉ ላይ ግን ያልለቀቀ አረንጓዴ የሻጋታ ቀለበት አለበት። እግራቸው ቆመ። ሬሳ በወጣ በሦስተኛው ቀን ልብስ የሚያጥብ ቤት አላዩም። እሳቸው ራሳቸው ሚስታቸው የሞተች ጊዜ ነጠላዋን አርባዋ እስኪወጣ ከተሰቀለበት አላወረዱትም።

ጓዳዋ ጠባብ ናት። እመት አባይነሽ መደብ ላይ ተቀምጠው ይቆዝማሉ። ለተጊዮርጊስ ከእግራቸው ስር መሬት ላይ ተቀምጣ እግራቸውን ታሻለች። ባልም የሞተባት እሷ፣ ልጅም የሞተባቸው እሳቸው፤ ማን ማንን እንደሚያጽናና አይለይም።

«እግዜር ያጽናችሁ» አሉ ባሻ። ከመደቡ ራስጌ፣ ጥጉ ላይ ሰፌድ ተደፍቷል። ጎንበስ ብለው ገለጥ አደረጉት። ቀዳዳው ከስሩ ነው። ሻካራው ድንጋይ ላይ ነጫጭ የጥጥ ክሮች ተይዘው ቀርተዋል። ሰፌዱን መልሰው ደፉት። ቀና ሲሉ የአሮጊቷ ዓይን እሳቸው ላይ ነበር፤ የለተጊዮርጊስ ግን አልነበረም። እሷ እግር ማሸቷን አላቋረጠችም።

ባሻ ያን ዕለት ምንም ሳይጠይቁ ወጡ።

ቅዳሜ ጠዋት አንድ ጆንያ ጭድ ይዘው መጡ። ለተጊዮርጊስ ወተት ልታመጣ ጎረቤት ሄዳለች።

«መተንፈሻውን ልዘጋው ነው፣ እመት» አሉ። «ቤቱ ታፍኖ ይደር። ነገ ጠዋት ችቦ በዘንግ አስሬ አወርዳለሁ። ከጠፋ በዳዳ ነፍስ አላጠፋም ማለት ነው።» ተንበርክከው ጭዱን ወደ ቀዳዳው ይጠቀጥቁ ጀመር።

አሮጊቷ ከመደቡ ጎንበስ ብለው ጭዱን አዩ።

«በጭድ አልነበረም፣ ባሻ።»

ባሻ ቀና አሉ።

«በጋቢ ነበር። በእሱ አሮጌ ጋቢ።»

«ማን ወተፈው?»

«እኔ ነኛ። ከዚያ ጉድጓድ የሚወጣው ብርድ ደረቴን ሲቆርጠኝ።»

«መቼ?»

«ሰኔ ላይ፣ ዝናቡ ሲከብድ።»

ባሻ ጭዱን አስቀምጠው መደቡ ጫፍ ላይ ተቀመጡ። «እመት፣ ሰኔ ላይ እርስዎ ከመኝታ አይነሡም ነበር።»

አሮጊቷ ዕድሜያቸውም ማዕረጋቸውም ተረስቶ የባሻን እጅ ያዙ። «ተወው፣ ልጄ። እኔ ነኝ ካልኩ እኔ ነኝ። ምን ቀረኝ? ውሰደኝ።»

«እውነቱን ይንገሩኝ።»

«አባቴን ከእህል ጉድጓድ ነው ያወጡት፤ ልጅ ሆኜ። ረቡዕ ጩኸቱን ስሰማ፣ ችቦው ጠፍቷል ሲሉ፣ ወዲያው ገባኝ። ሰው ሁሉ ወደ ጓሮ ሲሮጥ እኔ ጋቢውን ጎትቼ አወጣሁ፤ ኋላም አጥቤ አሰጣሁት። እሷ እንደሁ ረስታዋለች፤ ለኔ ብላ ያደረገችውን ነገር መቼ ትቆጥራለች? ክረምቱን ሙሉ ስስል አብራኝ ያደረች ልጅ ናት። ልጄ ሞተ፤ በእጅሽ ነው የሞተው ብዬ እሷንም ልቅበር?» እንባቸውን በመዳፋቸው ጠረጉ። «በዳዳን ይይዙታል ብዬ መች አሰብኩ። ከያዙት በኋላ ደግሞ አፌ ተሳሰረ። በየቀኑ ሚስቱ አገልግሏን ይዛ ስታልፍ በበሩ አያታለሁ።»

ከበሩ በኩል አንድ ነገር ወደቀ። ለተጊዮርጊስ ቆማለች። ወተቱ እግሯ ስር ፈሷል።

«እማማ» አለች። ወደ ጥጉ ሄዳ ቀዳዳውን አየችው፤ ከዚያ እጇን አየች፤ ከዚያ ግድግዳውን ይዛ ቀስ እያለች ተቀመጠች።

«እኔ ነኝ የወተፍኩት» አለች ለባሻ። «ንፋሱ ሲመጣ ይስሉ ነበር። ስወትፈው ያን ሌሊት ተኙ። ደስ አለኝ። ሲመጣ እነግረዋለሁ ብዬ… ማክሰኞ ማታ መጣ፤ በደስታ ሁሉም ነገር ጠፋኝ።»

እመት አባይነሽ ከመደቡ ወርደው፣ በዚያ ጉልበታቸው መሬቱን ተጎትተው አጠገቧ ደረሱ። ራሷን ወደ ጭናቸው ሳቡት። «ያን ክረምት ያተረፍሽኝ አንቺ ነሽ» አሏት። «ስሚኝ። እሱም ቢኖር ይወትፈው ነበር። እናቱ አይደለሁ?»

ባሻ ተነሥተው ወጡ። ውጭ ቆመው ወንዙን ሲያዩ ቆዩ። በእንዲህ ያለ ቀን ጉልበታቸውን ሳይሆን ሌላ ቦታ ነበር የሚያማቸው።

ችቦው እሑድ ጠዋት ከአምስተኛው ደረጃ በታች ሲደርስ ጭል ጭል ብሎ ጠፋ። ዳኛውም አዩ። ማክሰኞ የአካሉ ወንድሞች ደረሱ። ታላቁ ኃይለ መስቀል ይባላል፤ ጦሩን ከእጁ ሳያስቀምጥ ችቦው ሦስት ጊዜ ሲጠፋ ቆሞ ተመለከተ። ባሻ ያገኙትን ሊያሰሙ ሲሉ ለተጊዮርጊስ ቀደመቻቸው። ከእመት አባይነሽ ጎን ቆማ፣ እጇ በእጃቸው ተይዞ፣ የሠራችውን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ተናገረች። ምሕረት አልጠየቀችም።

ኃይለ መስቀል የተያያዙትን እጆች አየ።

«እናቴ ታማ በቃሬዛ ስትወጣ እኔ ዘር ላይ ነኝ ብዬ አልሸኘኋትም» አለ። «ስትስል አላደርኩም። አሁን ያደረችውን ልጠይቅ?» ጦሩን ወይራው ላይ አስደገፈው። «ከማንም የምንፈልገው ደም የለም። ሰዎቹን ፍቱልኝ።»

ሰንሰለቱ ሲፈታ ፈዬራና በዳዳ ለጥቂት ጊዜ ጎን ለጎን እንደተቀመጡ ቀሩ፤ መነሣቱ ትዝ ያላቸው ቆይቶ ነው።

በሳምንቱ በዳዳ መዶሻውን ይዞ ተመለሰ። ጂቱ ወንድ ልጅ ከወለደች ሦስተኛ ቀኗ ነው። የተበላሸው ገብስ ወጥቶ፣ ምድር ቤቱ በሩ ተበርግዶ ይደርቅ ነበር። በዳዳ በጓዳዋ ወለል ያለውን ቀዳዳ በድንጋይ ደፍኖ፣ አዲስ መተንፈሻ ከውጭ በግድግዳው ጎን ወደ ላይ መገንባት ጀመረ፤ ብርዱ ወደማንም መኝታ እንዳይገባ። ከቤቱ በላይ ፈዬራ ጌሾውን በገዛ እጁ እየነቀለ ቦዩን ይቆፍራል፤ ያጉረመርማል፣ ግን ይቆፍራል። ባሻ ወልደ ሐዋርያት ምንም ጉዳይ ሳይኖራቸው መጥተው ድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል። ለተጊዮርጊስ ጭቃ ታቦካለች። ገና አትናገርም፤ ግን ከዚያ ማክሰኞ ወዲህ ከቤት ስትወጣ ያን ዕለት የመጀመሪያዋ ነበር።

እመት አባይነሽ ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አስረው ብቅ አሉ። ከድንጋዩ ክምር ወደ አንዱ ጎንበስ ሲሉ በዳዳ ደንግጦ መዶሻውን ጣለ።

«እመት፣ ኧረ ይቀመጡ!»

«አራት ቀን ተቀምጫለሁ፣ በዳዳ» አሉ። «አንተ በብረት ታስረህ፣ እኔ ዝም ብዬ። ይበቃኛል።»

በዳዳ ክምሩን ተመለከተ፣ እሳቸውን ተመለከተ። ከዚያ ጎንበስ ብሎ አንዲት ትንሽ፣ ለስላሳ ድንጋይ መርጦ በሁለት እጁ ሰጣቸው፤ የት እንደምትገባም በጣቱ አሳያቸው።